በአበባ የተመለሱ መልእክቶች

የሰፈሩ ሰው «አስተርጓሚዋ» ይላት ነበር። ሐኪሞች ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሑፍ ሞነጫጭረው የሚልኩትን የመድኃኒት ማዘዣ እሷ አንዴ ገለጥ አድርጋ አይታ ታነበዋለች። ከአንድ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ሦስት ዓመት ቆማለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ያለቻት ሌላ ከተማ የምትኖር ታናሽ እህት ብቻ ናት። የእህቷ ጆሮ ከደከመ ወዲህ በስልክ ማውራት ስለማይሆንላቸው በጽሑፍ መልእክት ነው የሚገናኙት።

አንድ ቀን ለምሳ ስትወጣ፣ በከፊል ከወረደው የፋርማሲው የብረት መዝጊያ ሥር ጎንበስ ብዬ አለፍኩ ስትል አናቷን መታት። ደም የለ፣ ቁስል የለ፣ እብጠት ብቻ። ሐኪሙ አንጎልሽ ተናውጧል፣ ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ያስፈልግሻል አላት። እሷ ግን ሦስት ቀን ተኝታ፣ ምን ሆንኩና ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ማዘዣ ስታነሳ ፊደሎቹ ቃል አልሆን አሏት። አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ሲገጣጠሙ ግን ይተረማመሳሉ፣ መስመሩም ከመስመር ይደባለቃል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለማረጋገጥ ያህል ነው እያለች ሐኪሞቹ ጋ ትደውላለች፤ ሣጥኖቹንም በቀለማቸውና በቦታቸው እየለየች ታነሳለች። እንዲህ እያደረገች ሁለት ሳምንት ገፋች።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ። የሰጠቻቸውን ሣጥን ከፍተው አዩና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ የኔ ክኒን እኮ ቢጫ ነበር» አሏት።

የሰጠቻቸው ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሣጥኖች አንዱን ነው፤ የሌላ በሽታ መድኃኒት ነበር። ባልደረባዋ ትክክለኛውን እንዲሰጣቸው ጠየቀችና ነጭ ጋዋኗን አውልቃ የፋርማሲው ባለቤት ጋ ገባች። ነገሩን ሁሉ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። እሱም ዳኚና ተመለሺ፣ ቦታሽ የትም አይሄድም አላት።

ቤት ውስጥ ቀኑ አላልቅ አለ። ብርሃን ያማታልና መጋረጃው አይከፈትም። መጽሐፍ አይነበብ፣ ቴሌቪዥን አይታይ። ጡረታ የወጣችው ልብስ ሰፊ ጎረቤቷ አንድ ማስታወቂያ እንድታነብላት ይዛ ብትመጣ፣ መነፅሬ ጠፋብኝ ብላ ዋሸቻት። በማግስቱ ሴትዮዋ ሦስት መነፅር ይዛ ከች አለች፦ የራሷን፣ የሟች ባሏን፣ አንድ ደንበኛ ረስቶት የሄደውን። ከሦስቱ አንዱ መቼም ልክሽ አይጠፋም አለቻት። አስተርጓሚዋም ሦስቱንም በየተራ ለክታ የሟቹ ይሻለኛል አለች። ሴትዮዋ እስክትሄድ ድረስም የሰው መነፅር አድርጋ ዓለሙ ሁሉ ጭጋግ ሆኖባት ቁጭ አለች።

የእህቷ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኩ ይንጫረራል። በስልኩ ደቃቅ ጽሑፍ የ«ለ» ዘር መሆኑን ታያለች፣ «ሉ» ይሁን «ሊ» ግን አይለይላትም፤ ወዲያው ራስ ምታቱ ይነሳባታል። ዝም እንዳትል ከስልኩ ሥዕሎች መካከል አበባ መርጣ ትልካለች። ከጊዜ በኋላ መልእክቱ ተቋረጠ። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብላ ተወችው።

በሦስተኛው ወር ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ የንግግርና የንባብ ባለሙያ ዘንድ ተላከች። ባለሙያዋ ካርቶን ወስዳ መሀሉን አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይ ስፋት ቀደደችው። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ራስሽን ሳያምሽ ታቆሚያለሽ አለቻት። በሳሙና ማሸጊያ ጀመረች፣ ወደ ክብሪት ሣጥን ተሻገረች። «ክብሪት» የሚለውን ቃል ጨርሳ ያነበበች ቀን ቤት ውስጥ የምትነግረው ሰው ፈለገች፤ አልነበረም።

ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የስልኩን ጽሑፍ አጉልታ ያላነበበቻቸውን የእህቷን መልእክቶች ከመጀመሪያው አንስታ በቀን አንድ ማንበብ ጀመረች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ሥራ። አሥራ አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «እታለም፣ ከባለቤቴ ጋር ተለያየን። ለትንሽ ጊዜ አንቺ ጋ ብመጣስ?» ከሥሩ የራሷ አበባ አለ።

ያን ቀን አምስት ደቂቃዋን አላከበረችም። የሚቀጥለው፦ «አበባው እሺ ማለት ነው?» ይላል። ከሥሩ አበባ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ፦ «ገባኝ። በቃ ተይው።» ተሳስቼ ይሆናል ብላ ካርቶኑን እያንሸራተተች ሦስት ጊዜ አነበበችው። አልተሳሳተችም።

መልስ ለመጻፍ ጠዋቱን ሙሉ ፈጀባት። አናቷን ተመትታ ማንበብ እንዳቃታት፣ ያነበበችውም ዛሬ መሆኑን ጽፋ ይቅርታ ጠየቀች። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፦ «ለምን ለሰው አላስነበብሽም?»

«አፍሬ» ብላ ጻፈች።

እህቲቱ በዓመት ፈቃዷ አራት ቀን መጣች። ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ ታላቂቱ ስትናገር ታናሺቱ ከንፈሯን እያየች ትሰማለች። ጆሮዋ ከደከመ ጀምሮ ድምፅ ማውጣት ስለማትወድ መልሷን ደብተር ላይ በትልልቁ ትጽፋለች። ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረባት ታናሺቱ፣ ታላቋ በጣቷ እየተከተለች አንብባ እስክትጨርስ መስኮቱን እያየች ትጠብቃለች።

በመጨረሻው ቀን ታላቂቱ፣ «ያኛው ክፍል ባዶ ነው። እዚሁ ቅሪ» አለቻት።

እህቷ ደብተሩን ስባ ጻፈች፦ «ያኔ ቢሆን እቀር ነበር። አሁን ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ።»

አልተቀያየሙም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘቻት፤ ተቃቅፈው ተለያዩ።

አደጋው በደረሰ በዘጠነኛው ወር ወደ ፋርማሲው ተመለሰች፤ ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ። ያነበበችውን ሁሉ ባልደረባዋ ደግሞ ያየዋል፤ እንዲያይም የጠየቀችው ራሷ ናት። የሚቸኩል ደንበኛ ወደ እሱ ይሰለፋል። ቤት ስትገባ መጋረጃውን ትከፍታለች፣ እራቷን ትበላለች፣ ከመጽሐፍ ሁለት ገጽ ታነባለች። እህቷ በሳምንት አንዴ ትጽፍላታለች። ስለ አየሩና ስለ ሥራዋ ነው፣ ከሦስት መስመር አያልፍም። ቀስ ብላ ታነበዋለች፣ ሳታሳድር ትመልሳለች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ሳምንት ትጠብቃለች።