አያቴ አባቴን ያናገሩበት ከሰዓት

ሰሞኑን መገናኛ፣ የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ የያዘችው ፌስታል ሸተተኝ። ጥሬ ዓሣ ነው። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ፌስታል በፌስታል ላይ ተደርቦበት እንኳ ያ የጭቃና የእርጥብ ሣር ሽታ ሾልኮ ይወጣል። ከኋላዬ የቆመው ጎረምሳ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ሳላስበው ጠጋ አልኩ። ሴትዮዋ ዞር ብላ፣ "ይቅርታ እህቴ፣ ሸተተሽ አይደል?" አለችኝ።

"ኧረ ምንም አይደል" አልኳት። ከዚህ ሌላ ምን ልላት እችላለሁ? ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ኮተቤ፣ ወደ ካራ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ከሚገኝ ሰፈር ነበር። አባቴ አናጺ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። እናቴ የእንጦጦ ልጅ ናት። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንጦጦ ላይ ደብር ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ረጅም፣ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። አባቴ ለሥራ አዲስ አበባ መጥቶ እናቴን አያት፤ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ አልላከም። አንድ ቀን ጠዋት ተያይዘው ወረዱ፤ በቃ።

አያቴ እናቴን ይቅር ለማለት ብዙ አልቆዩም። እኔ ስወለድ ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው መጥተው አቅፈውኛል አሉ። አባቴን ግን አላናገሩትም። አልሰደቡትም፣ አልረገሙትም። ዝም አሉት፣ ያውም ለዓመታት።

ሴት አያቴ ሲሞቱ እናቴ አባቷን ለብቻቸው እዚያ ተራራ ላይ መተው አልሆነላትም። አምጥታ ከእኛ ጋር አኖረቻቸው። ያን ጊዜ ዝምታው ቤታችን ገባ። ማታ ሁላችንም አንድ ክፍል ተቀምጠን፣ አባቴ ከአጠገባቸው እያለ፣ አያቴ ወደ እናቴ ዞረው፣ "ለባልሽ ንገሪው፣ ይኼ በር ይጮኻል" ይላሉ።

አባቴም ወደ እናቴ ዞሮ፣ "እሺ ይላል በያቸው።"

በማግስቱ በሩ ዘይት ተቀብቶ ይገኛል። አንዳንዴ መልእክተኛዋ እኔ ነበርኩ። "አባትሽን ጨው ያቀብለኝ በይው" ይሉኛል፤ ጨው አባቴ እጅ ላይ ነው። ለእኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን አንዳንድ ቀን መሃል ላይ ትነሳና ምንም ሥራ ሳይኖራት ወጥ ቤት ገብታ ትቆያለች።

ጥር ላይ የአባቴ እህት ሐዋሳ ልታገባ ሆነ። አያቴን ማን ይጠብቃቸው የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። አባቴ፣ "አባባ ካልሄዱ እኔም አልሄድም" አለ፤ ለእናቴ ነው የተናገረው፤ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ። አያቴ ከጓዳ ሰምተው ምንም አላሉም። የጉዞው ቀን ጠዋት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

ሠርጉ አለፈ። የማስታውሰው የማግስቱን ከሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ደክሞታል፤ ድንኳኑ እየፈረሰ ነው። የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ የእንጨት ጀልባ ነበረው። "እስቲ ኑ፣ ዓሣ እናጥምድ" አለ። አባቴ ይህችን ቀን ስንት ዓመት ጠብቋል! ኮተቤ ክረምቱ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ልጅ ሳለ ያጠመደውን ዓሣ እያወራ ነው ያሳደገኝ። ዓሣው በየዓመቱ ያድግ ነበር፤ መጀመሪያ ክንዱን ያህል፣ በኋላ እኔን ያህል።

አያቴ ዳር ቆመው ሊያዩን ነበር የመጡት። አጎቴ ግን የቤታችንን ነገር የት ያውቃል? "አባባ፣ ይግቡ እንጂ! እንግዳ ዳር ይቆማል እንዴ?" ብሎ እጃቸውን ያዘ። ባለቤት እጅህን ይዞ ሲጋብዝህ እምቢ አይባልም። ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡና መሃል ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እናቴ ከአጠገቤ ሆና ክንዴን ጨብጣለች፤ ውኃ ትፈራ ነበር።

አጎቴ ቀዘፈ። ሐይቁ እንደ ክንድ ታጥፎ ወደ መሬት የገባበት፣ በደንገል የተከበበ ጥግ አለ፤ ወደዚያ ወሰደን። እዚያ ነፋስ አይደርስም። ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ፀሐይዋ ላዩ ላይ ተሰባብራ ዓይን ታጥበረብራለች። መቅዘፊያው ሲነሳ የሚንጠባጠበው ጠብ ጠብ ይሰማል። ዳር ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ክንፋቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ለሽምግልና እንደተጠሩ አዛውንቶች ቆመዋል።

አባቴ ትል ሰክቶ ክሩን ጣለ። ጠበቅን። ምንም የለም። አወጣው፣ ደግሞ ጣለው። ምንም የለም። አጎቴ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያዘ፤ ቀጥሎ ሌላ። አባቴ አሁንም ምንም። "ቦታው ተለውጧል" አለ። ከዚያ፣ "ክሩ ወፍራም ነው" አለ። እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ደንገሉ ዞረች።

በመጨረሻ ራቅ አድርጎ ሊወረውር ብድግ አለ። ጀልባዋ በአንድ ጎን ዘመመች፤ ውኃ እግራችን ሥር ገባ፤ እናቴ ጮኸች።

"ተቀመጥ አንተ!"

አያቴ ናቸው። በመቋሚያቸው የአባቴን ባት መቱት። "ልጄን ያለ ባል ልታስቀርብኝ ነው? ተቀመጥ ብዬሃለሁ!"

አባቴ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጀልባዋ ተንገዳግዳ ረጋች። አጎቴ ብቻ ምንም ሳይገባው ይስቃል። አባቴ በተመታበት ባቱ ላይ እጁን አድርጎ አያቴን ያያቸዋል፤ ዓይኑ እንባ ሲሞላ አየሁ።

"እሺ አባባ" አለ።

እናቴ ክንዴን ለቀቀችው። ጣቶቿ ያረፉበት ቦታ ቀልቶ ነበር።

አያቴ ወደ ውኃው ዞረው ቆዩ። መቼም ያመለጠ ቃል አይመለስም። ኋላ፣ "ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚያዘው?" አሉ። ለእናቴ መስሎኝ ነበር። ግን ፊታቸው ወደ አባቴ ነበር።

አባቴ ተንፏቆ አጠገባቸው ሄደ። ክሩን በሌባ ጣታቸው ላይ አሳለፈላቸው። "አይጨብጡት፤ እንዲሁ ይንካዎት። ዓሣው ሲነካው ያውቁታል" አላቸው። ብዙም ሳይቆይ አያቴ "እንዴ!" አሉና ክሩን ወደ ላይ ሳቡት። ቆሮሶው ከውኃው ወጥቶ ነጠላቸው ላይ ወደቀ፤ ተንፈራገጠ። እኔ ጮኼ አጨበጨብኩ። አባቴ ዓሣውን ከመንጠቆው ሲያላቅቅ ሁለቱ ጎንበስ ብለው ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

በዚያው እንዳቀረቀሩ አያቴ፣ "ሽማግሌ ብትልክ እምቢ አልልህም ነበር እኮ" አሉት።

አባቴ ዓሣውን ጀልባዋ ወለል ላይ አኖረው። "ፈርቼ ነው" አለ።

"ማንን?"

"እርስዎን።"

አያቴ ቀና አሉ። በዓሣው ልጋግ የተለወሱትን፣ ደም ሥራቸው የተገታተረ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው። "እኔን? ምኔ ያስፈራል?" አሉ፤ ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

እናቴ ነች የመለሰችው። "ሁለመናዎ ነው እንጂ አባባ!" አለችና መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ደግሞ ሳቀች። አያቴም ትከሻቸው ተነቀነቀ። ሲስቁ ሳያቸው ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ነው።

አያቴ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ቆዩልን። ቤታችን ውስጥ መልእክተኛ አላስፈለገም። እንዲያውም ሁለቱ በየምሽቱ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ መንግሥት ሲከራከሩ እናቴ "ኧረ ዝም በሉ፣ ልጅቷ ታጥና!" ትላቸው ነበር። እንጦጦ ላይ የቀበርናቸው ዕለት አባቴ ቃሬዛውን ከፊት በኩል ያዘ። ሽቅቡን እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ ለማንም ሳያስረክብ ወጣው። ሰው "ተራ ስጥ" ቢለው አልሰማም።

ዛሬ አባቴ ራሱ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ዓሣ ስገዛ "ከየት የመጣ ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል እንጂ ስለዚያ ቀን አያወራም። እኔም አልጠይቀውም። ያን ቀን ከሐይቁ የተመለስንበትን ሰዓት ግን እሱም እንደማይረሳው አውቃለሁ።

ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። አጎቴ ቀስ እያለ ይቀዝፋል። ውኃው መዳብ መስሏል፤ ከዳር የእንጨት ጭስ ሽታ ይመጣል። አያቴ ከአባቴ አጠገብ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መጀመሪያ አንገታቸው ወደቀ፤ ቀጥሎ ራሳቸው የአባቴ ትከሻ ላይ አረፈ። አባቴ እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ። መተንፈስም የፈራ ይመስል ነበር። አንዱ እጁ ላይ ክሩ አሁንም አለ፤ ተስፋ ቆርጦ ዝም ብሎ ነበር የሚያስከትለው።

ድንገት ክሩ ተወጠረ።

ትልቅ ነገር ነው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ዞር እስክታደርግ ድረስ ሳበው። የተጠቀለለበት ቁራጭ እንጨት ከእግሩ ሥር እየዘለለ ይተረተር ጀመር። አጎቴ መቅዘፉን አቆመ። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተወራለት ዓሣ መጣ!

"ጎትተው እንጂ!" አለችው እናቴ በሹክሹክታ። "ምን ሆነሃል? ጎትተው!"

አባቴ አልተነቃነቀም። በአገጩ ትከሻው ላይ ወዳለው ሽበት ጠቆም አደረገ።

"ይነቃሉ" አላት።

ክሩን የያዘበትን ጣቱንም ዘረጋ። የመጨረሻው ክር ከእንጨቱ ላይ ተላቀቀ፤ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ድምፅ ሳያሰማ ውኃው ውስጥ ገባ።