ዳንቴል የለበሰው ፕሪንተር

ሳሎኔ ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ፕሪንተር ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ «ያ ምንድን ነው?» ይለኛል። «ቆሻሻ ነው» እለዋለሁ። የቀለድኩ መስሎት ይስቃል። እኔ ግን አይስቀኝም። አይቼው ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። «አውጥተሽ አትጥይውም እንዴ?» ይሉኛል። እጥለዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያደረገኝን ልናገር።

አባቴ የሚኖረው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የገበሬ ልጅ ሲያስተምር ኖሯል። አሁን ሰው የሚፈልገው ግን ለሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። በአካባቢው የሚቆጥረው አባቴ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ደጅ ይመጣል። «አያ፣ እስኪ ቁጠርልን» ይሉታል፤ እሱም ደብተሩን ያወጣል።

ደብተሩ ጉድ ነው። ከአያቱ የሰማውን፣ ከየባልቴቱ የለቀመውን፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያጣራውን ሁሉ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቱ ሞልቶታል። ግማሹ ደግሞ ምሥጢር ነው። የእገሌ ልጅ እየተባለ ያደገው የእገሌ እንዳልሆነ፣ እናቱ ልትሞት ስትል አባቴን አስጠርታ የነገረችው አለ፤ ነገ ወንድምና እህት ሳያውቁ እንዳይጋቡ ብላ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው አባቴ «አይሆንም፣ ዝምድና አለ» ብቻ ይላል። በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም። ሰውም አይጠይቀውም፤ ያምነዋላ።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። ጎንደር አምጥቼ አሳከምኩት። ሐኪሟ እኔን ለብቻ ኮሪደር ላይ ጠርታ «ግላኮማ ነው። የጠፋው አይመለስም። መሀል ለመሀሉ ለጊዜው ደህና ያያል፤ ትልልቅ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። እስከ መቼ እንደሚቆይለት ግን ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? እንደ አገሬ ሰው ዋሸሁት። ለታመመ ሰው ክፉ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም ብዬ «ቀላል ነው አባባ፤ ጠብታውን ከተጠቀምክ ይድናል» አልኩት። እናቴንም አሳመንኳት፤ ሁለታችን አንድ ላይ ሆነን ዋሸነው። አባቴ ደግሞ ጅል አይደለም። ጠብታ ሊያመጣ ሄዶ ከሌላ ታማሚ ጋር ሲጨዋወት እውነቱን ደረሰበት። አልተቆጣም። «ለካ አንቺም ትዋሺኛለሽ» አለኝ፤ በቃ፣ ይህን ብቻ።

ደብተሩን የሰጠኝ ያኔ ነው። የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አቅቶታል። «በትልልቅ ፊደል አድርገሽ ጻፊልኝ። አንድ ጊዜ በዓይኔ አንብቤ ላርመው። ከእኔ ወዲያ የሚያውቀው የለም፤ አንድ ስም ቢዛባ እኮ ወንድም እህቱን ያገባል» አለኝ። ቀጥሎም አስማለኝ፦ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳይገባ። እውነቱን ነው። ፒያሳ ባሉት ቤቶች ኮምፒውተር ላይ አንዴ የተከፈተ ነገር እዚያው ይቀራል። የስንቱ የፍቺ ወረቀት፣ የስንቱ የክስ ማመልከቻ ተደርድሮ አይቻለሁ። በላፕቶፕ ላስነብበው ሞክሬ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይኑን አስለቀሰው። ስለዚህ ቤቴ ተይቤ ቤቴ አትሜ ላመጣለት ቃል ገባሁ።

ድሮ ሸጋ ፕሪንተር ነበረኝ። መሥሪያ ቤቴ ያረጀ ንብረት ሲያስወግድ በጨረታ የገዛሁት ነው፤ ለሁለት ነበር የምናነሳው። አቧራ ይጠጣል፣ መብራት ሥራ መሀል ይጠፋበታል፣ መብራቱ ሲመጣ አጓርቶ ይነሳና ካቆመበት ይቀጥላል። ክረምት ከበጋ አተመልኝ። አንድም ቀን ከኢንተርኔት አገናኚኝ ብሎኝ አያውቅም። የሞተውም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ወረቀት የምትስበው ጎማ አለቀችና መለዋወጫዋ ከገበያ ጠፋ። የጥገና ባለሙያው «እህቴ፣ እንዲህ ያለ አሁን አይሠሩም። አዲስ ግዢ» አለኝ። ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው!

ገዛሁ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፣ አትጠራጠሪ» ብሎ አንዲት ባለቀለም አበባ አትሞ አሳየኝ። እውነት ለመናገር አበባዋ ታምራለች። ያ ፕሪንተር በዕድሜው በደንብ ያተመው እሷኑ ብቻ ነው። በአንድ እጄ አንጠልጥዬው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። እንዲያ ሲቀለኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል አለበስኩት። እኛ ቤት ደህና ዕቃ አይነካም። ደህናው ብርጭቆ ለእንግዳ፣ ደህናው ጋቢ ለዓመት በዓል፤ ያደግሁት እንዲህ ነው። ቀለሙ እንዳያልቅብኝ ከአባቴ ደብተር በቀር አንዲት ገጽ ላላትምበት ለራሴ ማልሁ። ጎረቤቴ ለልጇ መመዝገቢያ የሚሆን ወረቀት ይዛ መጥታ «እባክሽ አንዲት ገጽ» ብትለኝ «የአባቴ አደራ ነው» ብዬ መለስኳት። እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።

ከሥራ መልስ እተይባለሁ፤ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እተይባለሁ። ክረምቱ አለፈ። መስቀል አለፈ። የአባቴ ጽሕፈት እንኳን ለእሱ ለእኔም ያስቸግራል። የተምታታብኝ ቦታ ላይ ምልክት እያደረግሁ አለፍኩ፤ እሱ ያርመዋል ብዬ። በየሳምንቱ ይደውላል። «ደረሰ?» ይለኛል። «ተቃርቧል አባባ» እለዋለሁ። አንድ ቀን «እኔም እየተቃረብኩ ነው» አለኝና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

ኅዳር ላይ ጨረስኩ። ዳንቴሉን ገፍፌ፣ ወረቀት አጉርሼ፣ አትም አልኩት። ነጭ ወረቀት ገባ፣ ነጭ ወረቀት ወጣ። ደግሜ አዘዝኩት፤ አሁንም ነጭ። ራሱን የሚያጸዳበት ትእዛዝ አለው፤ አጽዳ አልኩት። እየተንጎራጎረ ራሱን አጸዳ። ደጋግሞ ሲያጸዳ ለካ ቀለሙን የሚጠጣው እሱ ራሱ ነው! በመጨረሻ ቢጫው አልቋል አለኝ። ቢጫ ማን ጠየቀህ? አባቴ የሚፈልገው ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ደግሞ አለ። የለም! ቢጫ ካልገባልኝ ጥቁርም አላትምም ብሎ ቆመ። ፒያሳ ወርጄ ቢጫ ገዝቼ ብከትለት «ይህን ቀለም አላውቀውም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ከኢንተርኔት ጋር አገናኚኝና ልመዝገብ ይለኛል። የሰው ገበና ጭኜበት ኢንተርኔት ካልገባሁ ይላል እንዴ? ኤዲያ! ድንቄም ማተሚያ!

ታቅፌው ወደዚያው ባለሙያ ሄድኩ። ከፍቶ አየውና «ስንት ገጽ አትመሽበታል?» አለኝ።

«ምንም። እንዳይበላሽ ብዬ አስቀምጬው ነው የከረምኩት።»

«እሱ ነዋ የገደለው! እንዲህ ያለው በየሳምንቱ ካላተምሽበት ቀለሙ አፉ ላይ ይደርቃል።»

«በየሳምንቱ ባትምበትስ?»

«ያኔማ ቀለሙ ያልቃል» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ቱ! ይህን መሣሪያ ሰው ተቀምጦ አስቦ ሠርቶታል። ሲቆጥቡት የሚሞት፣ ሲጠቀሙበት የሚያልቅ ዕቃ፣ አበባ አሳትሞ ለድሃ የሚሸጥ! ያ አሮጌው ደጉ ዕቃ በጎማ እጦት ተጥሎ ይህ ጉድ በካርቶን ተሸልሞ ይገባል። ባለሙያውን አልወቅሰውም፤ ሱቁ ጣሪያው ድረስ በእንደዚህ ዓይነቱ ሬሳ ተሞልቷል። «ወይ ጣይው፣ ወይ በሙቅ ውኃ ልሞክረው» አለኝ። ሞከረው። ቢጫውንም የሚቀበለው ዓይነት ፈልጎ አስገባልኝ። ጥቂት ነፍስ ዘራ፤ ማተም ጀመረ።

ምን ብሎ አተመ? በየገጹ ላይ ነጭ መስመር ይጋደምበታል። ፊደሉ ከላይ ጠቆር ብሎ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ አመድ ይመስላል። አንዱ ፊደል እግር የለውም፣ ሌላው ወገቡ ተቆርጧል። ለእኔ ለደህናዋ እንኳ ዓይን ያዝ ያደርጋል። በዚያው ቀን አባቴ ደወለ። «በግራ በኩል ያለው ጥላ ወፈረብኝ፤ የደረሰውን ያህል አምጪልኝ» አለኝ። ካተምኩት መሀል ይሻላል የምለውን መራርጬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ተሳፈርኩ። ምነው ባልሄድኩ። ምነው አንድ ሳምንት እንኳ በታገሥኩ!

አባቴ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። እርሳስም ቀርጾ ይዟል፣ ሊያርምበት። ወረቀቱን ሰጠሁት። ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገው። አቀረበው፤ አራቀው። ሁለተኛውን ገጽ አነሳ። ሦስተኛውን አነሳ። ከዚያ ወረቀቶቹን አስተካክሎ ጉልበቱ ላይ አኖረና እርሳሱን ኪሱ ከተተው።

«በቃ። አልቋል» አለ።

ያለኝ ለጊዜው አልገባኝም። ሲገባኝ ጮኽኩ። «አይደለም አባባ! ዓይንህ አይደለም፣ ፕሪንተሩ ነው! እኔም መስመር መስመር ሆኖ ነው የሚታየኝ!»

«አይዞሽ ልጄ።»

«በእግዜር ይሁንብኝ! እማዬ፣ ነይ እዪ፣ ነይ ንገሪው!»

እናቴ እጇን እየጠረገች መጣች። ማንበብ አታውቅም፣ ዓይኗ ግን ደህና ነው። አየችና «እውነቷን ነው፤ ተዥጎርጉሯል፣ ነጭ ነጭ አለበት» አለችው።

አባቴ ሁለታችንንም በተራ አየን፤ ፈገግ አለ። «ያኔም ተማክራችሁ ነበር» አለ። ስዋሸው አምኖኝ ነበር፤ እውነቱን ስነግረው አላመነኝም። ጭራሽ እሱ እኔን ያባብለኝ ጀመር። «እንኳን እስከ ዛሬ አየሁ» ይለኛል። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ ለሬሳም አልቅሼው አላውቅም።

ጎንደር ስመለስ ያን ፕሪንተር ዞር ብዬም አላየሁትም። ማርከር ገዛሁ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ለማስታወቂያ መጻፊያ የሚሆነውን። ገና ከመጀመሪያውም ይህን ማድረግ ነበረብኝ። የደብተሩን መጀመሪያ በየገጹ ጥቂት ስም ብቻ እያደረግሁ፣ ፊደሉን እንደ ጣት አወፍሬ ጻፍኩት። እጄ አበጠ። ለገና ይዤለት ወጣሁ።

«አባባ፣ ይኸው በእጄ ነው የጻፍኩት። አንዴ ብቻ እይልኝ።»

ፊቱን አዞረ። «አታድክሚኝ ልጄ። አንቺ አንብቢልኝና በጆሮዬ ላርም።»

ማንበብ ጀመርኩ። ግን የእኛ ቤት ሰው ይበዛበታል። በዓል ነው፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ምሥጢሩ ጋ ስደርስ ድምፄን ዋጥኩ። አባቴም «እሱን ዝለዪው» አለኝ። ቀጥሎም «እሱንም ዝለዪው።» እየዘለልን እየዘለልን ሄድን። እሱ በዓይኑ ብቻ ሊያርመው የፈለገው ያንኑ ነበር፤ እኔም ተምታቶብኝ ምልክት ያደረግሁበት አብዛኛው ያው ነው።

መሀል ላይ አባቴ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። በሩ ክፍት ነው። ግቢው ውስጥ እናቴ ያሰጣችው ስንዴ አለ፤ ዶሮዎቹ ይዞሩታል፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁርና ነጭ ጠቃጠቆ ያለባት ገብስማ።

«ያቺ ገብስማዋ ስጡ ላይ ወጣች፤ እሽ በያት» አለኝ።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ወጥቼ አባረርኳት። ተመልሼ ፊቱ ቆምኩ።

«አባባ፣ ገብስማዋ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«አይቻት ነዋ።»

«እንግዲያው ይህንንም እይልኝ! ይኸው፣ ከእሷ ይጎላል!» አልኩና ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁት።

ዓይኑን ጨፈነ። «ዶሮ ሌላ ነው ልጄ» አለኝ። «እኔ ያንን የፊተኛውን ወረቀት አይቼዋለሁ።»