በበሬ ቆዳ የሠራሁት ፍሬን

ይህን ነገር የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ስንት ዘመን ሙሉ እፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስዘከዝክላቸው ይኼን አንዱን ውጬ ተመልሻለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገር። እኔ ሰው ገድያለሁ። የገደልሁትም ጠላት አይደለም፤ ሞላን ነው።

ሞላ የጣሊያን ሾፌር ነበር። እኔም እዚያው ቡሬ፣ በጣሊያን ጋራዥ መካኒክ ነበርሁ። ሁለታችንም የምንበላው ከጠላት እጅ ነበር፤ አሁን መሸፋፈኑ ምን ያደርጋል! ሞላ የሚነዳት መኪና ጭቃም ዳገትም የማትፈራ፣ መኮንኖች የሚሳፈሩባት የጦር መኪና ነበረች።

አንድ ክረምት አርበኞች መንገዱን ዘጉትና ዕቃ መምጣቱ ቀረ። የዚያች መኪና የፍሬን ሸራ፣ ጎማውን ጨብጦ የሚያቆመው ማለት ነው፣ አለቀና መኪናዋ ቆመች። እኔ ምን አቀበጠኝ? ሞፈሩን ከቀንበር የሚያስረው ምራን ከበሬ ቆዳ አይደለም ወይ የሚወጣው፣ ጥንድ በሬ ሲጎትተው የማይበጠስ ቆዳ ፍሬን እንዴት ያቅተዋል ብዬ ለአለቃችን ለጣሊያኑ ነገርሁት። ቆዳውን በሸራው ልክ ቆረጥሁ፣ በመዳብ ሚስማር መታሁ። አለቃው ግቢው ውስጥ ሲሞክራት ቀጥ ብላ ቆመች። ሰው ሁሉ እያየ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ከዚያ ወዲያ መሬት አልበቃኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ሞላ መጣ። ፍሬን ስይዝ ትጮሃለች፣ ድምፅዋን አልወደድሁትም፣ እስቲ ስማልኝ አለኝ። ከጎኑ ተቀመጥሁ። በሜዳው ላይ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ነገርሁት፤ እኔ በበሩ አንገቴን አውጥቼ አዳመጥሁ። ድምፁ ከኋላ ከቀኝ ጎማ ነው። ጭቃ ቢሆን ሁለት ሦስቴ ሲይዘው ይለቅ ነበር። ይኼ ብረት ብረትን ሲፍቅ ነው። ወርጄ እጄን አስጠጋሁ፤ ጎማው ይፋጃል፣ የተቃጠለ ቆዳ ይሸታል። ቆዳው አልቆ ሚስማሮቹ ታምቡሩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ እየበሉት ነበር። አወቅሁ። አላወቀም ነበር የሚል ሰው ቢኖር እኔው ራሴ አወቅሁ እላለሁ።

ታዲያ ለምን ዝም አልሁ? እውነቱን ልናገር ብል ጎማውን በሰው ፊት መፍታት አለብኝ። አለቃው ያስገርፈኝም ይሆን ነበር። ግን እኔን ያስፈራኝ ጅራፉ መሰላችሁ? አይደለም። የፈራሁት የባልንጀሮቼን ሳቅ ነው። ገና ቆዳውን ስቆርጥ «ፋቂው» እያሉ በሹክሹክታ ያሙኝ ነበር፤ በአገራችን ለገበሬ ልጅ ከዚህ የባሰ ስድብ አልነበረም። ለዚህች ስድብ ብዬ ሰው ሸጥሁ።

«የዝናብ ዝገት ነው፤ ቁልቁለቱን ስትጀምር ይለቅሃል» አልሁት።

ትንሽ አየኝና «አንተ ካልህ» አለ።

በማግሥቱ ጧት ሁለት መኮንኖች አሳፍሮ ወደ ወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት ከተማ ተነሣ። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንቢ አለው። መኪናዋ ከነሰዎቿ ወንዝ ገባች፤ አንድም የተረፈ የለም። ጣሊያኖቹ ጭቃው አንሸራቷት ነው አሉ። እኔም አዎ፣ ጭቃው ነው አልሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ሰው ወሬ አነሣ። ያ መካኒክ እኮ ሆን ብሎ ፍሬኑን አበላሽቶ ነው መኮንኖቹን የፈጀ አሉኝ። መጀመሪያ ዝም አልሁ። ቀጥዬ እንደ አዎ ራሴን ነቀነቅሁ። ኋላማ እኔው ጨማምሬ የምተርከው ሆንሁ። በየሰርጉ ላይኛው ወንበር የኔ ሆነ። ሞላ ግን ባንዳ እንደተባለ ቀረ። ሚስቱ እናትነሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ዞር ይሉባት ነበር። ልጇን ስመኝን ለልጄ የሚል ሰው ጠፋ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እናትነሽ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ሞላም ምክሩን ያውቅ ነበር ይበሉልኝ። አብረን ነው የመከርነው ይበሉ። ለእኔ ብዬ አይደለም፣ ለልጂቱ ነው።»

እኔ፣ እኔ ውሸታሙ፣ ምን ብዬ መለስሁላት መሰላችሁ?

«በሐሰት አልመሰክርም» አልኋት። ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ነሥታኝ ሄደች። ለመሆኑ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ሽማግሎች መቼ መከራችሁ፣ የት መከራችሁ ብለው ቢጠይቁኝ ክብሬ ይነካል ብዬ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

እናትነሽ ባለፈው ዓመት ሞተች። ቀብሯ ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ነበር። ስመኝ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ሆናለች፣ አየችኝና ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። «የባንዳ ሚስት ሳይሉ እርስዎ እንኳ መጡልን» አለችኝ።

እግዜር ያጽናሽ አልኋት። ከድንኳኑም ገብቼ የቀረበልኝን በላሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የምይዘው ሰበብም የለኝም። ስመኝ ጅጋ ናት፤ ከቤቴ ግማሽ ቀን አያስኬድም። ይቅር ማለትም ሆነ መርገም የሷ ነው። እኔ ግን ይኸው ለእናንተ ነገርሁ እንጂ ለሷ አልነገርኋትም።