ሁለት አልጋ፣ አንድ ካርቶን መድኃኒት

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ምሳዋን መግፋቷ ነው። ሩት ምግብ የምትገፋ ልጅ አልነበረችም፤ ቆጮ በጎመን ሳቀርብላት ጣቷን ሳይቀር ትልስ ነበር። ያን ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጋ ግንባሯን ያዘች። "እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ሰው ይወቅጣል" አለችኝ። ፀሐይ መቷት ነው ብዬ ጥላ ውስጥ አስተኛኋት። በማግስቱ ትኩሳቱ መጣ። እንደ ወባ አንቀጥቅጦ የሚለቅ አልነበረም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ወጣ። የወባ ኪኒን ወሰደች። ምንም አላደረገላትም።

ይህን የምጽፈው የአንጀት ተስቦ፣ ሐኪሞች ታይፎይድ የሚሉት በሽታ፣ ቤታቸው ለገባባቸው ሰዎች ነው። ሰው ለማገልገል ብለው አገራቸውን ለቅቀው ለሚሄዱ ልጆችም ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢሻክር ታገሱኝ።

ሩት ከባሕር ማዶ በበጎ ፈቃድ መጥታ ዲላ ውስጥ ሳይንስ ታስተምር ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ቀበሌው እኔ ግቢ ካሉት ክፍሎች አንዱን ሰጣት፤ እኔንም "መግቢያ መውጫዋን እያየሽ ንገሪን" አሉኝ። እኔ ያየሁት ኮዳዋን ነው። ውሃ አፍልታና አቀዝቅዛ በኮዳ ይዛ ትወጣለች፤ ሰው ቤት ስትጋበዝም የምትጠጣው ከዚያው ነው። ሰፈሩ ይህን አልወደደውም። ባለሱቋ ጎረቤቴ ሸምሲያ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "እኛ ውሃ ውስጥ እንቁራሪት አይታ ነው?" ትላለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ "ባለኮዳዋ መጣች፣ ብርጭቆውን አንሱት" ትላለች። ሩት አማርኛው እየገባት ሲሄድ ሽሙጡም ገባት። ኮዳውን ቤት ትታ መውጣት ጀመረች። ኢዲዶ የሚባል ገጠር ተማሪዎቿን ልትጠይቅ ሄዳ የምንጭ ውሃ ጠጣች። በየሄደችበት የሰጧትን ሁሉ ጠጣች። ሰፈሩም "አሁን የኛ ሆነች" አለ።

እኔ ተቆጣኋት። "ለሰው ደስታ ብለሽ ሆድሽን አትስጪ" አልኳት። ሳቀች። አገር መልመድ ማለት ለእሷ እምቢ አለማለት ነበር።

ትኩሳቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መቃዠት ጀመረች። በራሷ ቋንቋ እናቷን ትጣራለች። ምላሷ ነጣ። ሆዷ ተነፋ። በቃሬዛ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤት ያለ አስታማሚ አይተኛም። የሩት ዘመዶች ባሕር ማዶ ናቸው። ስለዚህ ጋቢዬን ይዤ አልጋዋ ሥር አነጠፍኩ። ከጎኗ ባለው አልጋ ከቡሌ የመጣች ጥሩነሽ የምትባል ሴት ተኝታለች። በሽታዋ ያው ነው። የሚያስታምማት ባሏ በየነ ነው፤ ለሁለታችንም ውሃ የሚቀዳ፣ ከስንቁ የሚያካፍለኝ ሰው። አንድ ቀን ሁለቱም አብረው ሲቃዡ ሰምቶ፣ "እትዬ፣ ያንቺዋ በፈረንጅ፣ የኔዋ በጌዴኦ። የሚሰድቡት ግን እኔን ነው" አለኝ። ሳቅን።

ሐኪሙ ሁለቱንም አይቶ እንዲህ አለ፦ "አንጀታቸው ቆስሏል። ክሎራምፌኒኮል የሚባል መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ እኛ ዘንድ አልቋል። ጠንካራ ምግብ እንዳትሰጡ። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም እንዳትሰጡ፣ አንጀቱ ይበሳል።"

ሩትን ወደዚህ ለላካት መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። ከአዲስ አበባ መኪና መጣ። አንድ ኮት የለበሰ ሰው ካርቶን ይዞ ገባ። ሐኪሙ ከፍቶ አየና "ይህ ለሁለት ሰው ይበቃል" አለ።

"እንግዲያው ለጥሩነሽም ይጀመርላት" አልኩ።

"ይህ ለሠራተኛችን የተላከ ነው" አለ ሰውዬው።

"የተረፈውስ?"

"የተረፈው ይመለሳል።"

"ተመልሶ ማንን ሊያድን ነው?"

"እርስዎ ለመሆኑ ምኗ ነዎት?"

"አስታማሚዋ ነኝ።"

"እንግዲያው ያስታምሙ።"

ካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ። ሰውዬው ወደ መጣበት ተመለሰ። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ሊያይ ሲመጣ መንገዱ ላይ ቆሜ ያንኑ እጠይቀዋለሁ። "እናቴ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ብነካው እኔ ነኝ የምጠየቀው። ሌላ እንዲላክልን ጠይቀናል" ይለኛል። የጠየቁት አልመጣም።

ሩት መድኃኒቱን እየወሰደች ትኩሳቷ መውረድ ጀመረ። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ አወቀችኝ። ሾርባውን ከመስጠቴ በፊት የካርቶኑንና የጥሩነሽን ነገር ነገርኳት። ሐኪሙ ሲገባ ከትራሷ ቀና ሳትል፣ "ለእሷም ስጧት። አሁን" አለችው። ቁልፉ ወጣ። እኔ ስንት ጠዋት የለመንኩትን እሷ አንዴ ተናገረችው። ያው አማርኛ ነው። የእኔ እንዲያውም ይጠራል።

ጥሩነሽ መድኃኒቱን ጀመረች። በማግስቱ ሆዷን ይዛ ጮኸች። ሆዷ እንደ እንጨት ደረቀ። ሐኪሙ ዳሰሳት። "ተበስቷል" አለ። ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። በሕይወት አልወጣችም።

ሩት ያን ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነበረች። ነርሶቹ ሌላ ክፍል ተዛውራለች በዪ አሉኝ፤ ለታመመ ሰው ሞት አይነገርም። በእግሯ መቆም እስክትችል ቆየሁና እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ማገገሙ ረጅም ነበር፦ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየወጣ፣ ጉልበቷ እየከዳት፣ ግድግዳ ይዛ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ግቢ እየተራመደች፣ ቀጭን የቡላ አጥሚት በማንኪያ እየወሰደች፣ ሸምሲያም ሽሙጧን ትታ በየዕለቱ የተፈላ ውሃ በፔርሙዝ እያመጣችላት፣ ቀስ በቀስ ቀለሟ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቷ ወደ አገሯ ሊልካት ሲዘጋጅ፣ መጀመሪያ ቡሌ ለቅሶ ካልደረስኩ አልሄድም አለች።

ሄድን። በየነ ተነስቶ ተቀበለን፣ ወንበርም አቀረበልን። ሩት አልተቀመጠችም። "መድኃኒቱ ነበረ" አለችው። "ቁም ሣጥን ውስጥ ነበረ።"

"አውቃለሁ" አላት። "እትዬ ስትጠይቅ እሰማ ነበር።"

"ሰምተህ ነው ዝም ያልከው?" አልኩት።

"ከአልጋው ያስነሱናል ብዬ ፈራሁ፣ እትዬ።"

ሩት በዚያው ሰሞን አገሯ ገባች።

ፈጣሪ ይመስገን፣ ሩት ተርፋለች። ሐኪሙን ስለ እጁ አመሰግነዋለሁ፤ ስለ ቁልፉ አላመሰግነውም። በየነን፣ ሚስቱ እያጣጣረች እንኳ ለእኔ ውሃ ስለቀዳልኝ፣ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ለእናንተ የምመክረው ይህን ነው። በየቀኑ እየጨመረ የሚሄድ ትኩሳት ካያችሁ ወባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ትኩሳቱ ወረደ ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። በሰው አገር የምትኖሩ ልጆች፣ ያልተፈላ ውሃ ሲሰጧችሁ እምቢ በሉ፤ የተቀየመ ጎረቤት ይታረቃል። አስታማሚ የሆናችሁ ደግሞ፣ መድኃኒት መጣ ሲባል ድምፃችሁን አውጥታችሁ ለታማሚያችሁ ጠይቁ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ከአልጋ ያስነሱናል ብላችሁ አትፍሩ። መድኃኒት የማይሰጥበት አልጋ መሬት ላይ ከመተኛት አይሻልም።