የጎሚስታው መዳፍ

የማስቲሽ ሽታ ሲሸተኝ አሁንም መዳፌን ያልበኛል። ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ስንቆም ያው ሆነ። ሾፌሩ ጎማውን ሲፈታ እኔ እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርግ ነበር። እንዴት ልበልሽ፣ የሌላው ሰው ፍርሃት ምን እንደሚሸት አላውቅም። የእኔ ማስቲሽና በፀሐይ የጋለ ጎማ ይሸታል።

ያን ጊዜ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ድራም መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ቢሆነኝ ነው። ብቻዬን ስለማመድ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ሰው ፊት ስቀመጥ ግን እሮጥ ነበር፤ በእግሬ ሳይሆን በእጄ። አፌ ይደርቃል፣ ስቲኩ እንደ ስንደዶ ይቀለኛል፣ ከዚያ መዝሙሩን ጥዬው እሄዳለሁ። አንድ እሁድ እንዲሁ ስሮጥ ዘማሪዎቹ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ፊት ወንበር ላይ የሚያጨበጭቡት እናቶች ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ስወጣ አንዷ እናት ክንዴን ይዘው፣ "ልጄ፣ አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ነበር ወይ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አስመለሰኝ።

የኳየሩ መሪ አልሳቀም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካምባ ከተማ ለኮንፈረንስ ተጠርተን ነበር። እዚያ ከሮጥሽ ከድራሙ ትነሻለሽ፣ የኪቦርዱ ማሽን ይመታልናል አለኝ። ማሽን አይፈራም አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ነው የነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካምባ የሚለውን ስም በሰማሁ ቁጥር የቀረውን ቀን በጣቴ እቆጥር ነበር።

የዚያ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎሚስታ ቤት ባለቤት የጠሩኝ በዚያው ሳምንት ነው። ከደጋው የወረዱ፣ በወጣትነታቸው ለቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ይመቱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ኩሩ ናቸው ይባሉ ነበር፤ ከኋላ ሲጠሯቸው ዞር አይሉም። በሥራ ቦታቸው ድራም እንዲሆኑኝ አሮጌ ጎማዎች ደርድረው ጠበቁኝ። የጭነት መኪናው ጎማ በግራ፣ የባጃጁ ትንሽ ጎማ በቀኝ። ፊት ለፊቴ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡና ቀኝ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። መዳፉ እዚያ እስካለ ድረስ ልክ ነኝ ማለት ነው፤ ከሮጥኩ ይወርዳል።

አማርኛቸው ከጋሞኛ በኋላ የመጣ ስለነበር አንዴ አንቺ፣ አንዴ አንተ ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

"ትከሻህ ወጣ" ይሉኛል። "አውርደው። ደግመህ ምታ።"

ከጎናቸው የንፋስ መሙያው ማሽን ሲያጓራ ይውላል። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል እንዴት እንደምሰማቸው ሳይሆን እንዴት እንደሚሰሙኝ ነበር የሚገርመኝ። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። በጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በከመነዳሪው፣ ላይ አጎንብሰው ስለነበር አልመለሱልኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት መዳፋቸው አንድ ስንኝ እንኳ አልቆየም። በሁለተኛው አንድ ሙሉ አዝማች ቆየ። ጎማ የሚያስጠግኑ ሾፌሮች ዙሪያዬን ቆመው ያዩኝ ጀመር። አንዱ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ጎማውን የምትገርፈው ምን አጥፍቶ ነው?" አለ። ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጣ፤ መዳፉም ወረደ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እየሳቁብኝም መዝሙሩን እስከ መጨረሻው መታሁት። መዳፉ ንቅንቅ አላለም።

ወደ ካምባ የሄድነው ድራሙን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስረን ነው። መንገዱ በዞረ ቁጥር ሲምባሉ ከላይ ይንሿሿል፤ እኔ ደግሞ ቢወድቅ፣ ቢሰበር እያልኩ እጸልይ ነበር። ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነበር የጸለይኩት። ጉም ወርዶ ገደሉ አይታይም። ለኮንፈረንሱ አብረውን የመጡት ጎሚስታው ሁለት ወንበር ከፊቴ ተቀምጠው ተኝተዋል።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ ቤት ነው። እርጥብ ጋቢና ባሕር ዛፍ ይሸታል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ብርሃኑ በመስኮቶቹ ይገባል። ሰውን ላለማየት ጎሚስታውን ብቻ አየሁ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጀመርኩ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ መብራት ጠፋ። ቀን ስለነበር ጨለማ አልሆነም፤ የሆነው ዝምታ ነው። ኪቦርዱ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፣ ማይኩ ሞተ። ዘማሪዎቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሚሰማው የእኔ ድራም ብቻ ነበር። መሪው ሊያስቆመኝ እጁን ሲያነሳ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። ልቤ ከስቲኩ ቀድሞ ይመታ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጎሚስታውን አየሁ። መዳፋቸው ደረታቸው ላይ ነው። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም፤ ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ ነው። ይህ ሰው ምንም አይፈራም አልኩ ለራሴ፣ እናም ቀጠልኩ። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ከኋላ አንዲት እናት ማጨብጨብ ጀመሩ። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ መዝሙሩን በጋሞኛ አነሳው፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። የመሪው እጅ ሲወርድ አየሁ። እስከ መጨረሻው አልሮጥኩም።

ስንመለስ ጎሚስታው አጠገቤ ተቀመጡ። መሪው ከፊት ዞሮ፣ መብራት ሲጠፋ ነፍሱ እንደወጣችና ማሽኑም ቢሆን አብሮ ይሞት እንደነበር እየሳቀ ነገረን። ጎሚስታው ከንፈሩን ትኩር ብለው ያዩ ነበር። መሪው ፊቱን ሲመልስ ወደ እኔ ዞሩ።

"መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። ዓይናቸውን ሳይ ግን የንፋስ መሙያው ማሽን፣ ከኋላ ሲጠሯቸው አለመዞራቸው፣ ስለ ትከሻዬ እንጂ ስለ ድምፁ አንድም ቀን አለማውራታቸው ተግተልትሎ መጣብኝ። አዳራሹ ውስጥ ካደረብኝ ፍርሃት ይልቅ ይህኛው ባሰ። በገደል ጫፍ በጉም ውስጥ እንደሄደና ጉሙ ሲገፈፍ ወደ ኋላ እንዳየ ሰው ሆንኩ።

"አዎ ጋሼ" አልኩ፣ ከንፈሬን እንዲያዩት ቀስ ብዬ። "ትንሽ ጊዜ ብቻ።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ለሰው አትንገር" አሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ከድራሙም ማንም አላስነሳኝም።

ባለፈው ሳምንት ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ የነበረው ግን አንድ ወጣት ነው። ስለ ሽማግሌው ስጠይቀው ደጋ ልጃቸው ጋ ገብተዋል፣ አሁን ጭራሽ አይሰሙም አለኝ። ስልካቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ስለሚይዙ ሲንቀጠቀጥ ግን ያነሳሉ፣ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ደህንነታቸውን ተናግረው ይዘጋሉ አለ። ቁጥሩን ሰጠኝ። ባጃጁ ተጠግኖ ሳያልቅ ደወልኩ።

አነሱት። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"ኔትወርክ የለም፤ አትሰማኝም መሰለኝ፤ እኔም አልሰማህም" አሉ። "ደህና ነኝ። በርታ።"

ጋሼ አልኩ። ደግሜ ጋሼ አልኩ። ከዚያ ተዘጋ። ሾፌሩ ተሳፈሪ እያለ ሲጠራኝ ትከሻዬ ወጥቶ አገኘሁት። አወረድኩት።