ግድግዳ የነበረው ቁም ሳጥን

ልጅ እያለሁ ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጎድለው ነበር፤ የጎደለውን የሞላልን ቁም ሳጥን ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ መጨረሻ ላይ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረችን። በዚያች ክፍል አባቴ፣ እናቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት ወይንሸት፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አምስት ሆነን እንኖር ነበር። ቁም ሳጥኑ መሀል ላይ ተገትሯል። ከወዲያ የእናትና የአባቴ አልጋ፤ ከወዲህ ደግሞ ቀን ቀን «ሳሎን» የምንለው፣ ሲመሽ ፍራሽ ተነጥፎ አክስቴ፣ እኔና ወንድሜ የምንተኛበት ቦታ። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው «ታዲያ በሩ የት ነበር?» ይሉኛል። በር ምን ያደርጋል፣ በጎኑ እንዞር ነበር እንጂ!

ቁም ሳጥኑን የወረስነው ከአያቴ ነው። አያቴ ይሠሩበት የነበረው ቤት ጌታ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው የዋንዛ ሥራ ነው፤ ሦስት በር ያለው፣ መካከለኛው በር ላይ ሰው ራሱን ከእግር እስከ ራስ የሚያይበት መስታወት የተገጠመለት። አያቴ ሲሞቱ ወንድማማቾቹ ተሰብስበው ለአባቴ ሰጡት። ሰጡት ይባል እንጂ እውነቱን ለመናገር የማንኛቸውም ቤት አልገባ ብሎ ነው። እኛም ቤት ቦታ አልነበረውም። እናቴ ግን ወገቧን ይዛ ሁለት ጊዜ ዞረችውና «ይሄ እኮ ግድግዳ ነው» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አልጋቸውን ከእኛ የሚለየው በሲባጎ የተንጠለጠለ አንሶላ ነበር።

ልብሳቸውን እዚያው እያወጡ እንዲለብሱ በሮቹንና መስታወቱን ወደ አልጋቸው አዞሩት። ለእኛ የደረሰን ጀርባው ነው። ጀርባው ያልተላገ ሻካራ ጣውላ ስለነበር እናቴ የዱቄት ሙጫ አፍልታ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ለጠፈችበት። እኔና ወንድሜ ማንበብ የለመድነው በዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፍራሻችን ላይ ተጋድመን አንዳችን ቃል እንጠራለን፣ ሌላው ይፈልጋል፤ ያላገኘ ይቆነጠጣል። ወይንሸት አንዳንድ ጊዜ ጨዋታው ውስጥ ትገባና «እስቲ ሠርግ የሚለውን ፈልጉልኝ» ትለን ነበር። ከሳጥኑ ውስጥ የሚወጣው የናፍታሊን ሽታ ከሙጫው ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም ድረስ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

«ሠርግ»ን የምታስፈልገን ያለ ምክንያት አልነበረም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰይፉ የሚባል መካኒክ ወዳ ነበር። ሰይፉ በሰፈራችን ሲያልፍ ለወንድሜ ኩሽኔታ፣ ለእኔ ከረሜላ ይዞ ይመጣል። ኩሽኔታውን ለጋሪያችን ጎማ እናደርገዋለን፤ ከረሜላው ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ቢሆንም አልመልሰውም። እናቴ ትወደው ነበር። አባቴ ግን የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ መዝገብ ቤት ይሠራል፤ ጣቱን ከቀለም በስተቀር ሌላ ነገር ነክቶት አያውቅም። ወይንሸትን እንደ ልጁ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ ለአንድ የቢሮ ሰው ሊድራት በልቡ ጨርሷል። የሰይፉ ስም ሲነሳ «ጥፍሩን አይታችሁታል?» ይላል፣ የመኪና ቅባቱን፣ ግራሶውን ማለቱ ነው፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

አንድ ቅዳሜ የሰይፉ ሽማግሌዎች በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚመጡ መልእክት ደረሰን። እናቴ ቤቱን ስታጥብ፣ ስታራግፍ፣ ስታገላብጥ ውላ ዓይኗ ጋዜጣው ላይ ዐረፈ። «ሽማግሌ በዕቃ ጀርባ ይቀበሏል? ሰው ምን ይለናል?» ብላ የጎረቤት ወንዶች ጠራች። አራት ሆነው እያማጡ ቁም ሳጥኑን አዞሩት። መስታወቱ ወደ ሳሎኑ ሲመለስ ቤታችን ባንድ ጊዜ እጥፍ ሆነች። እኔና ወንድሜ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ እየተመላለስን ራሳችንን አየን። አባቴ እንኳ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። የዞረው ዕቃው ብቻ አለመሆኑን፣ ልብሱም አብሮ መዞሩን ያሰበ ሰው ግን አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ወይንሸት ወደ ደጅ ጠርታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ሽማግሌ ሲመጣ የምትጠየቀዋ ልጅ እቤት አትገኝም፤ ጎረቤት ልትውል ነው።

«የሚባለውን ሁሉ አዳምጪ፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ» አለችኝ። «ወንድሜን አውቀዋለሁ። ነገ እምቢ ካለ አለ ነው፤ ሁለተኛ አይመለስም።»

ፈራሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ያን ያህል የሚከብድ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት አባቴ ከቁም ሳጥኑ ወዲያ ሳፋ ውስጥ ቆሞ ይታጠባል። እናቴ ወንበር ልትዋስ ወጥታለች። ያን ጊዜ ነው «ቤቶች!» የሚል ድምፅ የሰማሁት። ሽማግሌዎቹ ከልደታ ቅዳሴ እንደ ወጡ በቀጥታ መጥተዋል፤ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድመው። ሦስት ናቸው። ከፊት ያሉት የሰይፉ አጎት በጣም ረጅም ሰው ስለነበሩ የበራችን ጉበን እንዳይመታቸው እጥፍ ብለው ገቡ። እናቴን አስመስዬ «ቤት ለእንግዳ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። አጎትየው ራሴን ዳበስ አድርገው «የመጣንበትን ሳንናገርማ አንቀመጥም ልጄ» አሉ፤ ሦስቱም መስታወቱ ፊት ተደርድረው ቆሙ።

አባቴ ጆሮው ሳሙና ውስጥ ነው። ኮቴ ሲሰማ እናቴ ወንበር ይዛ የተመለሰች መሰለው። ከቁም ሳጥኑ ወዲያ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንቺ! ሱሪዬን አቀብይኝ እስቲ» አለ። «ቶሎ ለብሼ ልውጣና እህቴን ለዚያ ግራሶ ለጠጣ እጅ እንደማልሰጥ ቁርጡን ልንገራቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «እንሂድ፤ መልሳችንን ሰምተናል» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እኔ ጎረቤት ተቀምጣ የምትጠብቀኝ ወይንሸት ታየችኝ። ሌላ የምለው ስላጣሁ «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ እዚህ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ።

የሳፋው ውሃ ጸጥ አለ። ቀጥሎ አባቴ በሹክሹክታ፣ እንዲያ የመሰለ የሚያሳዝን ድምፅ ከዚያ በኋላ ሰምቼበት አላውቅም፣ «ሱሪዬስ?» አለ። ሱሪው ያለው በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ከመስታወቱ ቀጥሎ ያለው በር ውስጥ ነው። ሮጬ ከፈትኩት። በሩ ሲጥጥ አለ። ሱሪው ላይኛው ዘንግ ላይ ተሰቅሏል፤ ዘለልኩ፣ አልደረስኩም። እንደገና ዘለልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ የሰይፉ አጎት እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሱሪውን ከመስቀያው አወረዱት። አራገፉት። ከዚያ በቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወደዚያ አሻገሩና «ይልበሱ ጌታዬ፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን» አሉ። ሸሚዙንም አስከተሉ። ኮቱንም። «ካልሲ ይጨመር ወይስ አለዎት?» ብለው ሲጠይቁ ሊሄዱ የነበሩት ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

አባቴ ክራቫቱን አስሮ፣ አንድ ጆሮው ላይ የሳሙና አረፋ ይዞ ወጣ። አጎትየው ምንም እንዳልሰማ ሰው እጅ ነሥተው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። በደንቡ ቢሆን፣ ሊሰጥ ያሰበ አባት እንኳ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቤተ ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል።  እናቴ ሁለት ወንበር ተሸክማ በሩ ላይ ደርቃ ቀርታለች። አባቴ የጆሮውን አረፋ በእጁ ጠርጎ «ሱሪዬን ያቀበሉኝን ሰው በምን አፌ ሌላ ቀን ተመለሱ እላለሁ?» አለ። «ይሁን፤ ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

ወይንሸት ጋ የሮጥኩትን ሩጫ እግሬ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ በየመሀሉ «ሱሪ?» እያለች ትስቃለች፣ ስቃ ሳትጨርስ ታለቅሳለች። ስለ ግራሶው የተባለውን ግን ዋጥኩት። አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ ብትለኝም ያቺን ቃል ማሳለፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አባቴ እህቱን ሰጠ እንጂ ልቡን አልሰጠም። ጋሽ ሰይፉ፣ አማች ከሆነ በኋላ እንዲህ ነው የምንጠራው፣ ሊጠይቀን ሲመጣ አባቴ በጣቱ ወንበር ያሳየውና ጋዜጣውን ይገልጣል። ክፉ አይናገረውም፤ ደግም አይናገረውም። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ።

አሁን የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የጠመንጃ ያዡ ቤት ሲፈርስ እናትና አባቴን ወደ እኔ አመጣኋቸው። ቁም ሳጥኑም መጣ፤ ነገር ግን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይ አልወጣ፣ ወደ ታች አልመለስ ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ሆዱን እየሳበ በጎኑ ማለፍ ያዘ። ወንድሜ «በቃ ለቆራሌ እንስጠው» ሲል አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «እንግዲያው እኔንም ጨምራችሁ ስጡኝ» አለ። እውነቱን ነበር። ያቺ ቤት ከፈረሰች ወዲህ ከሳጥኑ ሌላ የኔ የሚለው ነገር አልቀረለትም።

የጠራሁት ጋሽ ሰይፉን ነው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እጁ ግን ሥራ አይፈታም። ካቻቪቴውን ይዞ ደረሰና እዚያው ደረጃው ላይ ብሎን በብሎን ፈታው። ከዚያ ለሦስት እሑድ ግቢው ውስጥ ሲሰነጥቅ፣ ሲልግ፣ ሲያሸው ዋለ። መስታወቱን ልጆቼ ክፍል ሰቀልነው። ሳጥኑን በጀርባው አስተኝቶ አሳጠረና ረጅም መቀመጫ አደረገው፤ ሁለቱ በሮች ክዳኑ ሆኑ፣ ብርድ ልብሶቻችን እሆዱ ውስጥ ገቡ። አባቴ ጉልበቱ ስለሚያመው ከቤት ብዙም አይወጣም። መስኮቱ ሥር አስቀመጥንለት፤ እዚያ ሆኖ ግቢ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ሲያይ ይውላል። መጀመሪያ ያለው ቃል «አሳጠርከው» የሚል ነው። ጋሽ ሰይፉም «ቁመቱ ወርዶ ነው እንጂ የትም አልሄደም ጋሼ» አለው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። ወጥ ቤታችንና ሳሎኑ ቅርብ ስለሆኑ ሁለቱ የሚያወሩት ይሰማኛል።

«ስማ ሰይፉ» አለ አባቴ። «ያን ጊዜ እኮ እምቢ ልልህ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ማን ነገረህ?»

«አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የዚያኑ ዕለት፣ የግራሶውን ሳይቀር ነገሩኝ። 'ሰውየው ሰጥተውሃል፤ ግን አልወደዱህም። ማስወደዱ ያንተ ሥራ ነው' አሉኝ።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። እኔ ከወይንሸት የደበቅኩትን ቃል እሱ ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ያውቀው ኖሯል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልክ?» አለ አባቴ።

«ሥራ ላይ ነበርኩ ጋሼ።»

አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ብቅ ስል ዓይኑን በመዳፉ ሲጠርግ አየሁት፤ በሳቁ ይሁን በሌላ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ሁለት መኝታ ቤት አለን፤ ሁሉም በር አለው። ልጆቼ በራቸውን ዘግተው ሲያጠኑ ደስ ይለኛል፤ ያን ጥበት እናፍቃለሁ ብዬ አልዋሽም። የምናፍቀው ካለ፣ የሰው ክብር እንዳይነካ ሱሪ የሚያቀብሉ እንደዚያ ያሉ ሽማግሌዎችን ነው። ጋሽ ሰይፉና ወይንሸት እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ድሮ አባቴ የጋሽ ሰይፉን ድምፅ ሲሰማ ጋዜጣውን ይፈልግ ነበር። አሁን ደረጃው ላይ ኮቴውን ሲሰማ ጋቢውን ሰብስቦ መቀመጫው ላይ ጠጋ ይላል። ከልጆቼ አንዱ ሮጦ መጥቶ እጎኑ ሊቀመጥ ሲል፣ የሚሳሳላቸው የልጅ ልጆቹ ሆነው ሳለ፣ ቦታውን በእጁ ይሸፍንና «ሰው አለው» ይላል።