የስፕሪንግ ብሬክ ቁልፎች

ሀፍ ሙን ቤይ፣ ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል ቫሌ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ትምህርት ቤቶች ለስፕሪንግ ብሬክ፣ ለፀደይ ዕረፍት፣ በተዘጉበት ቅዳሜ ነው። ቫሌ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ያቆማል፣ ሲጠየቅ ያመጣል። አለቃችን ዳኒ "ሎት ፉል"፣ ማቆሚያው ሞልቷል፣ የሚለውን ሰሌዳ በሩ ላይ አቆመና "በይ፣ ሥራ አሁን ጀመረ" አለኝ። እኔ ሞኟ ከሞላ ሥራ አለቀ ብዬ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ፣ ካስትሮ ቫሊ፣ ልመለስ ነበር።

ሎቱ ሲሞላ ስታክ እናደርጋለን። መኪና ከመኪና ፊት እየደረደርን እንዘጋጋለን። የኋላውን ለማውጣት የፊቱን ማንሳት ግድ ስለሆነ የሁሉም ቁልፍ እኛ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው ሩጫ ነው።

ሩጫውም አይጣል ነው። የሳንሆዜውም የኦክላንዱም ሰው ተራራውን በአንዲት መንገድ ይሻገራል። ጃንጥላው፣ ውሻው፣ አያቱ፣ ሁሉም ተጭኖ ይመጣል። አሸዋው ላይ ፎጣ ማንጠፊያ ይጠፋል። ውሃው እኮ በረዶ ነው! እግሩን አስነክቶ እየጮኸ የሚሸሸውን ሕዝብ ሳይ፣ ይሄ ሁሉ ግፊያ ለዚህ ነው ወይ እላለሁ።

ሊድ ሆኜ ፈረቃውን መምራት ከጀመርኩ በኋላ፣ በአንዱ የስፕሪንግ ብሬክ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሳንሆዜ አንድ ፊቱ የገረጣ ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጣ። ቁልፉን ከሰጠኝ በኋላም መሄድ አቃተው። እንደነገረኝ፣ የሚተከልለት ኩላሊት እየጠበቀ ነው። ሆስፒታሉ ከደወለ ወዲያው መድረስ አለበት፤ ከዘገየ ለሌላ ይሰጣል። ሚስቱ ይቅርታ እንደመጠየቅ ብላ "ልጆቹ ባሕር ካላየን ብለው ነው" አለችኝ። "ስልኩ ከጮኸ መኪናችሁ ዝግጁ ነው፤ ሂዱ" አልኳቸውና መውጫው አጠገብ አቆምኩላቸው።

ከቀትር በኋላ ከዚያ መኪና ፊት በቀር ቦታ ጠፋ። ሰልፉ አውራ ጎዳናው ድረስ ደርሷል። ዳኒ "እዚያም አቁሚ" አለኝ። ተረኛው ጋሽ ኃይሉ ሆኑ፤ ከኦክላንድ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ በቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ። ከባለቤታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነበሩ፤ ሲያዩኝ ደስ አላቸው። መኪናውን ለእኔ ሳይሰጡ ራሳቸው ያሳየኋቸው ቦታ አቁመው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

"ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።"

"እኔ ጋ ይሁን። አንቺ እያለሽ ምን ችግር አለው?"

"ከኋላ ላለው መኪና መንገድ ይዘጋል።"

"ኮል አድርጊልኝ፣ እመጣለሁ። ምነው፣ አታምኚኝም?"

በዚያ ሕዝብ መሀል ስልክ የት ይሰማል? የሰውየውን ሕመም ልነግራቸው አሰብኩ፤ ግን ምስጢሩ የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም። ከኋላ ክላክሱ ይጮሃል። ዳኒ እየሮጠ መጣ፤ "ተያቸው፣ ሰልፉን አንቀሳቅሺ!" አለኝ።

"ቁልፍ ካልሰጡ ይመለሱ" አልኩት።

"ሪፖርት አደርግሻለሁ።"

"አድርግ።"

"ፈረንጅ ሆነሻል!" አሉኝ ጋሽ ኃይሉ። ባለቤታቸው ግን ቁልፉን ከኪሳቸው መዥረጥ አድርገው እጄ ላይ ጣሉት። "ኧረ እንሂድ፣ ልጆቹ በሙቀት አለቁ እኮ!" አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ማስገባቱንም ፈራሁ፤ በኪሴ ይዤው ዋልኩ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። ፊሽካ ሲነፋ እደነግጣለሁ። አንድ ሰው ከባሕሩ በኩል ከሮጠ ዞር ብዬ ፊቱን አያለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰውየው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እግሩ አሸዋ በአሸዋ ሆኖ መጣ። አልተደወለለትም። የጋሽ ኃይሉን መኪና ገለል አድርጌ የእሱን አወጣሁለት። ከመግባቱ በፊት ጠጋ አለኝና "ዛሬ እኮ ስልኬን ማየቱን ረሳሁት። ልጆቼን ስመለከት ዋልኩ" አለኝ። እንባዬ መጣ።

ዳኒ ሪፖርቱን ጻፈ። ጋሽ ኃይሉም ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ነፈጉኝ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ከፍቶኛል፣ አልዋሽም።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ቁልፉን ሳትቀበሉ በሰው መኪና ፊት ሌላ መኪና አታቁሙ። የሚቀየም ይቀየማል።